ምዕራፍ ሰባት፦ የአሠራር ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ምዕራፎች ተራኪ ድርሰትና ገላጭ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፉ ተመልክታችኋል። በዚህ ምዕራፍ የምትማሩት የአንድን ሥራ አካሄድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ስለሚያስረዳ ድርሰት ነው። እንዲህ ያለው ድርሰት የአሠራር ድርሰት ይባላል።

የአሠራር ድርሰት ከሌሎቹ የድርሰት ዓይነቶች የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። ተራኪ ድርሰት ያነበበ ሰው ይደሰታል ወይም ያዝናል፤ ገላጭ ድርሰት ያነበበ ሰው ያላየውን እንዳየ ያህል ይሰማዋል። የአሠራር ድርሰት ያነበበ ሰው ግን ተነሥቶ ይሠራል። ስለዚህ ጸሐፊው የዘለለው ቃል በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ በአንባቢው እጅ ላይ ይደርሳል።

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አመዛዝኑ።

1. መሰኪያውን ነቅላችሁ ኖዝሉን ፍቱ።
2. ኖዝሉን ፈትታችሁ መሰኪያውን ንቀሉ።

በሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉት ስሞችና ግሶች አንድ ናቸው። የተለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። ነገር ግን የሚፈታው ዕቃ የፕላዝማ መቁረጫ ኖዝል ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ትእዛዝ የተከተለ ሠራተኛ ከአደጋ ይጠበቃል፤ ሁለተኛውን የተከተለ ግን ከ200 ቮልት በላይ ሊደርስበት የሚችለውን ዕቃ በጣቱ ይዞ ይገኛል። ከዚህ የምንረዳው በአሠራር ድርሰት ውስጥ ሰዋስው የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ መሆኑን ነው።

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ አንድ ሰው በራሱ የሥራ ቦታ ሊሠራው ስለሚችል፣ በኮምፒዩተር ስለሚመራ የብረት መቁረጫ ጠረጴዛ የሚያስረዳ ነው። ስታነቡ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጸሐፊው የሥራውን ደረጃዎች በምን ቅደም ተከተል አቀረባቸው? ሁለተኛ፣ ስሕተት በተገኘ ጊዜ ምክንያቱን ከውጤቱ የለየው እንዴት ነው?

ለ. ምንባብ

በቤት የሚሠራ የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ

በር፣ መስኮትና አጥር የሚሠራ የብረት ሠራተኛ ላሜራውን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በሜትር ለክቶ፣ በጠመኔ አስምሮ ይቆርጣል። እጁ የለመደ ከሆነ ሥራው ያምራል። ይሁን እንጂ ለአንድ በር ዐሥር ተመሳሳይ አበባዎች ቁረጥ ቢባል፣ ዐሥረኛው አበባ ከመጀመሪያው ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። እጅ ይደክማል፤ ዓይንም ይሰለቻል። በኮምፒዩተር የሚመራ የመቁረጫ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማሽኑ የሰውን ጥበብ አይተካም፤ ነገር ግን የተነገረውን ሳይሰለች ይደግማል። በትክክል ከተነገረው ትክክሉን፣ በስሕተት ከተነገረውም ስሕተቱን ይደግማል።

ይህ ጠረጴዛ የሁለት ግኝቶች ልጅ ነው። አንደኛው በ1950ዎቹ አጋማሽ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሥራ ላይ የዋለው የፕላዝማ ቶርች ነው። በቶርቹ ውስጥ አየር በግፊት ያልፋል፤ በኤሌክትሪክ ብልጭታም ግሎ ፕላዝማ ወደሚባለው የጋዝ ሁኔታ ይለወጣል። ይህ ጋዝ ኖዝል በሚባል ጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ሙቀቱ ከ20,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሙቀቱ ብረቱን ያቀልጠዋል፤ የጋዙ ግፊትም የቀለጠውን ጠርጎ ወደ ታች ይጥለዋል። ኤሌክትሪኩ ወደ መነሻው የሚመለሰው በሚቆረጠው ነገር ውስጥ አልፎ ስለሆነ፣ በዚህ ቶርች የሚቆረጠው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረታ ብረት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ማሽንን በቁጥር መምራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ በተመዘገቡ ቁጥሮች የሚመራ የብረት መፈልፈያ ማሽን አሠራር አሳየ። የዚያን ጊዜው መሣሪያ እጅግ ውድና ግዙፍ ነበር። ዛሬ ያንኑ ተግባር በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያከናውነዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረውና ግርብል የሚባለው ፕሮግራም አርዱዊኖ በተባለው አነስተኛ ሰሌዳ ላይ ስለሚሠራና በነፃ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለውን ማሽን በግል መሥራት ለብዙ ሰዎች ተችሏል።

የጠረጴዛው ዋና ዋና ክፍሎች አምስት ናቸው። እነርሱም ላሜራውን የሚሸከመው አልጋ፣ በአልጋው ሁለት ጎኖች የተዘረጉት ሐዲዶች፣ ሐዲዶቹን ተከትሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ቶርቹን የሚሸከመው ሠረገላ፣ እንዲሁም ሞተሮቹና መቆጣጠሪያቸው ናቸው።

በመጀመሪያ አልጋው ይሠራል። ለአልጋው የሚሆነውን ቱቦላሬ በልኩ ከቆረጣችሁ በኋላ ማዕዘኖቹን በነጥብ በነጥብ ብቻ በይዱ። ከዚያም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያሉትን ሁለቱን ሰያፍ መሥመሮች ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አልጋው ቀጥ ያለ ማዕዘን አለው፤ እኩል ካልሆኑ በመዶሻ መልሱት። ሙሉውን ብየዳ የምትበይዱት ይህን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ በነጥብ ሳይያዝ የተበየደ አልጋ ይጣመማል። ብየዳው ሲያበቃም እንደገና ለኩ፤ በውሃ ልክም ደረጃውን አስተካክሉ።

በአልጋው ላይ ቀጫጭን የብረት ርብራቦች በጠርዛቸው ይቆማሉ። ላሜራው የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። ርብራቦቹ ከላሜራው ጋር አብረው እየተቆረጡ ስለሚያልቁ፣ ሳይበየዱ በቀላሉ ወጥተው የሚለወጡ መሆን አለባቸው። ከርብራቦቹ በታች ውሃ የሚይዝ ሣህን ይቀመጣል። ውሃው ብልጭታውን ያጠፋል፤ ብዙውን የብረት ብናኝም ይይዛል።

ቀጥሎ ድልድዩ ይገጠማል። ቶርች እንደ መሰርሰሪያ ብረቱን አይገፋም፤ ስለዚህ ድልድዩ ከባድ መሆን አያስፈልገውም። ነገር ግን በፍጥነት ሄዶ በድንገት ሲዞር መወዛወዝ የለበትም። ቀላልም ጽኑም ይሁን። ድልድዩን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ሐዲዱን ከላይም ከታችም ጨብጠው እንዲይዙ አድርጉ፤ በእጃችሁ ስትነቀንቁት ከተላወሰ ቡሎኖቹን አጥብቁ። ሜካኒካዊው ልል ሳይወገድ በኮምፒዩተር የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ድልድዩን በሁለቱም ጫፎቹ ሁለት ሞተሮች በቺንጋ ይስቡታል፤ ሠረገላውን የሚስበው ሦስተኛው ነው፤ አራተኛው ደግሞ ቶርቹን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። የፕላዝማ መሣሪያ በሚነሣበት ጊዜ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ መቆጣጠሪያውን ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ በከፍተኛ ድግግሞሽ ብልጭታ የሚነሣውን መሣሪያ ትታችሁ ያለዚያ የሚነሣውን ምረጡ፤ የሞተሮቹን ሽቦዎች ከቶርቹ ኬብል አርቁ፤ አልጋውንም ከመሬት ጋር አገናኙ። የኤሌክትሪኩን ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳያየው ኃይል አትልቀቁበት።

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ማሽን ይንቀሳቀሳል እንጂ ልክ አያውቅም። ልክን የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። ይህ ሥራ አራት ደረጃዎች አሉት።

የመጀመሪያው ደረጃ ርቀትን ማስተማር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የእርምጃ ሞተር አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃዎች ያስፈልጉታል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። የሞተሩ መንጃ እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 ሲከፍለው በአንድ ዙር 1,600 ትናንሽ እርምጃዎች ይሆናሉ። ሞተሩ 4 ጊዜ ሲዞር ቺንጋውን የሚስበው ፑሌጃ 1 ጊዜ ይዞራል እንበል። ፑሌጃው 20 ጥርሶች ቢኖሩትና ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ዙር 100 ሚሊ ሜትር ይስባል። ስለዚህ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ድልድዩ 25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። 1,600 ለ25 ሲካፈል 64 ይሆናል። ለመቆጣጠሪያው የሚነገረው የመጀመሪያ ቁጥር ይህ ነው፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር 64 እርምጃ።

ይህ የሒሳብ ቁጥር ነው። ቺንጋና ፑሌጃ ግን ሁልጊዜ እንደ ሒሳቡ አይሆኑም። ስለዚህ በቶርቹ ቦታ እስክሪብቶ እሰሩ፤ በርብራቡም ላይ ወረቀት ዘርጉ። ማሽኑን 1,000 ሚሊ ሜትር ሂድ ብላችሁ እዘዙትና መነሻውንና መድረሻውን ምልክት አስደርጉ። ከዚያም በብረት ማስመሪያ ለኩ። የተገኘው 998 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አዲሱ ቁጥር 64 በ1,000 ተባዝቶ ለ998 የተካፈለው፣ ማለትም 64.128 ነው። ቁጥሩን ለውጣችሁ እንደገና ለኩ። የሠረገላውንም እንዲሁ ለብቻው አድርጉ።

ሙከራው በረጅም ርቀት እንዲሆን የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ስትለኩ ዓይናችሁ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ በ100 ሚሊ ሜትር ላይ ስሕተቱ ከመቶ ግማሽ እጅ ይሆናል፤ በ1,000 ሚሊ ሜትር ላይ ግን ከመቶ አንድ ሃያኛ እጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ማዕዘንን ማስተካከል ነው። በእስክሪብቶው አንድ ጎኑ 600፣ ሌላው ጎኑ 800 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አስሥሉ። በጂኦሜትሪ ትምህርታችሁ እንደምታውቁት፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ሁለቱም ሰያፍ መሥመሮች 1,000 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። አንዱ 1,002፣ ሌላው 998 ሆኖ ከተገኘ፣ ድልድዩ በ600 ሚሊ ሜትር ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ዘሟል ማለት ነው። የዚህ መድኃኒት የድልድዩን አንድ ጫፍ ቡሎን ላላ አድርጎ ወደ ቦታው መመለስ ነው። የእርምጃው ቁጥር በዚህ ጥፋት ውስጥ እጅ የለበትምና አትንኩት።

ሦስተኛው ደረጃ የቁርጡን ስፋት ማወቅ ነው። አሁን እስክሪብቶው ወርዶ ቶርቹ ይታሰራል። እስክሪብቶ የሚያሰምረው መሥመር ቀጭን ነው፤ ፕላዝማ ግን የሚሄድበትን መንገድ አቅልጦ ያስወግዳል። የመንገዱ ስፋት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ጎኑ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በመሥመሩ ላይ ብታስቆርጡ፣ ከእያንዳንዱ ጎን 0.75 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ የምታገኙት ቁራጭ 98.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መፍትሔው ቶርቹን በቁርጡ ስፋት ግማሽ ያህል ከመሥመሩ ወደ ውጭ ማራቅ ነው። የሚቆረጠው ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ 100 አዝዞ 98.5 ባገኘ ጊዜ፣ «ማሽኑ ያሳጥራል» ብሎ የእርምጃውን ቁጥር ከ64.128 ወደ 65.105 ከፍ አደረገው እንበል። እንደገና ሲቆርጥ ቁራጩ ልክ 100 ሚሊ ሜትር ሆነ። ደስ ብሎት ወደ ዋናው ሥራ ገባ። በማግስቱ ለበር የሚሆን 1,000 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆረጠ፤ ሲለካው ግን 1,013.7 ሚሊ ሜትር ሆነ። 100 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዘዘው ክብ ቀዳዳም 103 ሚሊ ሜትር ሆነ። ላሜራው ተበላሸ፤ ገንዘቡም ባከነ። ሠራተኛው ያየው ውጤት እውነት ነበር፤ የሰጠው ምክንያት ግን ሐሰት ነበር።

ምክንያቱን ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ቁራጭና አንድ ቀዳዳ ቁረጡና ሁለቱንም ለኩ። ሁለቱም ከታዘዘው በአንድ ዓይነት ሚዛን ካነሱ ወይም ሁለቱም ከበለጡ፣ ጥፋቱ የእርምጃው ቁጥር ነው። ቁራጩ አንሶ ቀዳዳው ከሰፋ ግን ጥፋቱ የቁርጡ ስፋት ነው። ሁለት ምስክሮች በሚሰሙበት ሸንጎ ፍርድ አይዛባም።

አራተኛው ደረጃ ከፍታንና ፍጥነትን ማስማማት ነው። የፕላዝማ መሣሪያው አምራች ለእያንዳንዱ የላሜራ ውፍረት ተገቢውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ከፍታና ፍጥነት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይሰጣል፤ መነሻችሁ እርሱ ይሁን። ቶርቹ ላሜራውን ሲበሳ ራቅ ይላል፤ ከበሳ በኋላ ለመቁረጥ ይቀርባል። ለምሳሌ፣ ሲበሳ 4፣ ሲቆርጥ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል። ቀርቦ ቢበሳ የሚፈናጠረው የቀለጠ ብረት ኖዝሉን ያበላሸዋል። ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ቁራጩ ራሱ ይናገራል። ቶርቹ ከተንቀራፈፈ ከጠርዙ በታች ወፍራም ዝቃጭ ይንጠለጠላል፤ ሲነኩትም በቀላሉ ይረግፋል። ከቸኮለ ደግሞ ቀጭንና አጥብቆ የያዘ ዝቃጭ ይተዋል።

የመጀመሪያውን እሳት ከማብራታችሁ በፊት የሚከተሉትን አረጋግጡ። የማቆሚያው ቀይ ቁልፍ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። መቆንጠጫው ከላሜራው ጋር በሚገባ ይያያዝ። ለሥራው የተመደበውን የጠቆረ መነጽር አድርጉ። ነዳጅና ጨርቅ ከአካባቢው ይራቁ። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲቆረጥ የሚወጣው ጭስ ትኩሳት ያስይዛልና፣ አየር በማይዘዋወርበት ቤት አትቁረጡ። አልሙኒየምን በውሃ ሣህን ላይ አትቁረጡ፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ የሚፈነዳ ሃይድሮጂን ያስወጣል። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብላችሁ ፈጽሞ አትቁረጡ፤ ባዶ መስሎ የሚታየው በርሜል በተን የተሞላ ነውና።

ሐ. የምንባቡ ትንተና

1. ቅደም ተከተል። ጸሐፊው ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ሞተሮቹ፣ ከሞተሮቹ ወደ ልኬቱ ሄዷል። ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ አይችልም፤ እያንዳንዱ ደረጃ በቀደመው ላይ ይቆማልና። በድርሰታችሁ ውስጥ «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም»፣ «ከ… በኋላ»፣ «ከ… በፊት» የሚሉትን ቃላት የምትጠቀሙት ይህን ግንኙነት ለማሳየት ነው።

2. ቦዝ አንቀጽ። በአማርኛ ቅደም ተከተልን በአጭሩ ለማሳየት የሚያገለግለው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ለክቶ፣ አስምሮ ይቆርጣል» ስንል ሦስት ሥራዎች እንዳሉና የትኛው እንደሚቀድም አንባቢው ያለ ሌላ ማብራሪያ ይረዳል። ማሰሪያ አንቀጹ የመጨረሻውን ሥራ ይይዛል። በመግቢያው ላይ ያነበባችኋቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስታውሱ፤ ቦዝ የሆነው ግስ ቀድሞ ይፈጸማል፤ የታሰረው ግስ ይከተላል።

3. ትእዛዝ አንቀጽ። የሥራ መመሪያ በአብዛኛው በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፋል፤ «ለኩ»፣ «አጥብቁ»፣ «አትንኩት»። ማሽኑም የሚነገረው በዚሁ አንቀጽ ነው ማለት ይቻላል። የሚከተለውን ተመልከቱ።

ጂ0 ኤክስ0 ዋይ0
ኤም3
ጂ1 ኤክስ100 ኤፍ2000
ኤም5

ይህ ጂ ኮድ በሚባለው የማሽን ቋንቋ የተጻፈ አጭር «አንቀጽ» ነው። ትርጉሙም፦ ወደ መነሻው ፈጥነህ ሂድ፤ ቶርቹን አብራ፤ በደቂቃ 2,000 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብለህ 100 ሚሊ ሜትር ድረስ ሂድ፤ ቶርቹን አጥፋ ማለት ነው። የመጨረሻው መሥመር ቢረሳ ማሽኑ «ረስተው ይሆናል» ብሎ አያስብም፤ ቶርቹ እንደበራ ወደሚቀጥለው ሥራ እየሄደ ደኅናውን ላሜራ ሊያበላሸው ይችላል። አራት ነጥብ የተረሳበት ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ከጎረቤቱ ጋር ተደባልቆ ሁለቱንም ያበላሻል። ልዩነቱ፣ አስተዋይ አንባቢ የጸሐፊውን ጉድለት አንዳንድ ጊዜ በግምት ሲሞላ፣ ማሽን ግን የማይገምት መሆኑ ነው። ለማይገምት አንባቢ እንደምትጽፉ አድርጋችሁ ጻፉ።

4. ምክንያትን መስጠት። ጸሐፊው «በነጥብ በነጥብ ብቻ በይዱ» ብሎ አልተወም፤ «የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር» ብሎ ምክንያቱን ጨምሯል። ትእዛዙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁኔታው ሲለወጥ ይደናገራል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ራሱ ይወስናል። «ምክንያቱም»፣ «ስለ…»፣ «…ና»፣ «ስለዚህ» የሚሉትን አያያዦች ከምንባቡ ፈልጋችሁ አገልግሎታቸውን አስተውሉ።

5. የሙያ ቃላት። ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋና ፑሌጃ ከጣልያንኛ ወደ ቋንቋችን የገቡና በሙያው ዘንድ የተለመዱ ቃላት ናቸው። ሠራተኛው በየዕለቱ የሚጠራቸውን ቃላት ትቶ ማንም በማያውቀው አዲስ ቃል መጻፍ አንባቢን ማደናገር ነው። በሌላ በኩል፣ ብዙ አንባቢ የማያውቀው ቃል ሲመጣ ወዲያው መፍታት ይገባል። ጸሐፊው ኖዝልን «ጠባብ ቀዳዳ»፣ ድልድዩን «ሐዲዶቹን ተከትሎ የሚሄደው» እያለ እንዳስረዳ ልብ በሉ። አንድ ዕቃ በአንድ ስም ከተጠራ በኋላ በድርሰቱ ውስጥ ስሙ መለወጥ የለበትም።

6. ማረም። የራስን ድርሰት ማረም ማሽንን ከማስተካከል ጋር ይመሳሰላል። ጸሐፊው ያሰበው የታዘዘው ልክ ነው፤ አንባቢው የተረዳው የተቆረጠው ልክ ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ የእርማቱ ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን የዚያን ሠራተኛ ስሕተት አትድገሙ። አንባቢው «አልገባኝም» ባለ ጊዜ ቃላት መጨመር ሁልጊዜ መድኃኒት አይሆንም። ጥፋቱ የቅደም ተከተል ከሆነ ዓረፍተ ነገሮቹን አዘዋውሩ፤ የቃል ከሆነ ቃሉን ፍቱ፤ የምክንያት ከሆነ ምክንያቱን ጨምሩ። እያንዳንዱ ጥፋት በገዛ ቦታው ይታረም።

መ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በፕላዝማ ቶርች እንጨት የማይቆረጠው ለምንድን ነው?
2. ርቀትን ለማስተማር የሚደረገው ሙከራ በ1,000 ሚሊ ሜትር እንጂ በ100 ሚሊ ሜትር ያልሆነው ለምንድን ነው?
3. አንድ ማሽን 1,000 ሚሊ ሜትር ታዝዞ 1,004 ሚሊ ሜትር ሄደ። የነበረው ቁጥር 64 ቢሆን፣ አዲሱ ቁጥር ስንት ይሆናል? ቁጥሩ ከ64 የሚያንሰው ወይም የሚበልጠው ለምን እንደሆነ በቃላት አስረዱ።
4. ቁራጩ 98.5፣ ቀዳዳው 101.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የታዘዙት 100 ሚሊ ሜትር ነው። ጥፋቱ የት ላይ ነው?

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች የመጀመሪያዎቹን ግሶች ወደ ቦዝ አንቀጽ እየለወጣችሁ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ጻፏቸው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ካልሆነ አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

1. ቶርቹን አብሩ። መነጽር አድርጉ። መቆንጠጫውን አያይዙ።
2. ሙሉውን በይዱ። ሰያፎቹን ለኩ። በነጥብ በነጥብ በይዱ።
3. ቁጥሩን ለውጡ። ርቀቱን ለኩ። አዲሱን ቁጥር አስሉ።

መልመጃ ሦስት። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ የአሠራር ድርሰት ጻፉ።

1. የብስክሌት ጎማ አለጣጠፍ
2. የእንጀራ ሊጥ ከመቦካቱ እስከ መጋገሩ
3. የውሃ ቧንቧ ሲያፈስ የሚደረግ ጥገና

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። እርሱም በጽሑፉ ብቻ እየተመራ የሚያደርገውን በእንቅስቃሴ ያሳያችሁ። ሲያሳያችሁ አፋችሁን ዘግታችሁ ተመልከቱ፤ አታርሙት፤ አትጠቁሙት። የተሳሳተበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና የጥፋቱን ምክንያት ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ድርሰታችሁን እንደገና ጻፉ። ጽሑፋችሁ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ «እንዲህ ማለቴ ነበር» ልትሉት አትችሉም። የምታውቁት ሁሉ ለእርሱ የሚደርሰው በጻፋችሁት ልክ ነው።